መነኩሴና ቱሪስት በአንድ ፍሬም፦ የአንኮር ዋት የሥራ ማስታወሻ

ዝግጅት፣ አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2016

ሥራው ባጭሩ ይህ ነው፦ ካምቦዲያ፣ አንኮር ዋት የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ድረስ ሄዶ የቡድሃ መነኮሳትንና ቱሪስቶችን አንድ ፍሬም ውስጥ ማንሳት።

የቦታው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ተርፏል። አብዛኛው ግን አንድ ዓይነት ነው። ብርቱካናማ የለበሰ መነኩሴ ጥንታዊ በር ላይ ብቻውን ቆሟል፣ ብርሃን ከላይ ወርዶበታል፣ ዙሪያው ዝር የሚል ሰው የለም። በሰልፍ የሚገባበት ቦታ እኮ ነው። ሰዉ የት ሄደ? ወይ «እባካችሁ ዞር በሉ» ተብሏል፣ ወይ በፎቶሾፕ ተጠርጓል። እኔ የተጠረገውን ነው የፈለግኩት።

ካሜራው ሠርግ የማነሳበት ነው። ያረጀ ፉል ፍሬም፣ ሹተሩ ጮክ የሚል፣ ግን የታወቀ ጸባይ ያለው። ሌንስ ላይ ከራሴ ጋር ብዙ ተጨቃጨቅኩ። ከሩቅ የሚያቀርበው 70-200 እንጀራዬ ነው፣ ግን ቤት ቀረ። ክብደቱ አንድ ነገር ነው። ዋናው ነገር በዚያ ሌንስ ከሩቅ ተደብቆ ማንሳት ይቻላል፣ ከተቻለ ደግሞ አደርገዋለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ የሚያሳየው 35 ሚሊሜትርና ጠበብ የሚያደርገው 85 ሚሊሜትር ብቻ። በ35 መነኩሴና ቱሪስት አንድ ላይ ለማስገባት ከተፈለገ ሰው ፊት መቆም ግድ ነው፣ ከቆሙ ደግሞ ሰላም ማለት አይቀርም።

ሌላው ዕቃ ከስልክ በብሉቱዝ የምታትም ትንሽ የኢንስታክስ ፕሪንተር ናት። ሰው ተነስቶ የራሱን ፎቶ እዚያው ይዞ ይሂድ ብዬ ነው። «እልክላችኋለሁ» ብሎ ያልላከ ፎቶ አንሺ በዓለም ላይ በዝቷል፣ ላሊበላ ላይ ለገና ስሠራ ቀሳውስቱ ይህንኑ እየሳቁ ነግረውኛል። ፊልሟ ውድ ናት። በአንድ ፎቶ ወደ አንድ ዶላር ይጠጋል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል፣ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ብዙ ትናንሽ ሜሞሪ ካርድ (አንድ ትልቅ ካርድ ከሚበላሽብኝ አንድ ትንሽ ይበላሽ)። ልብስ፦ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን። ነጠላ ጣል አድርጌ እገባለሁ ብዬ ነበር፣ ለላይኛው ፎቅ ግን ጣል የተደረገ ነገር አይቀበሉም አሉኝ። እጅጌ ያለው ሸሚዝ ያስፈልጋል።

ትኬትና መጓጓዣ

አንኮር ዋት አጠገብ ወዳለችው ከተማ፣ ሲየም ሪፕ፣ የገባሁት በባንኮክ በኩል ነው። አዲሱ ኤርፖርት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ነው። ከከተማው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የድሮው ከተማው አፍንጫ ሥር ስለነበር የቆየ ጽሑፍ አንብቦ የመጓጓዣ ሒሳብ የያዘ ሰው ሲወርድ ይደነግጣል።

ትኬቱ የአንድ ቀን 37 ዶላር፣ የ3 ቀን 62፣ የ7 ቀን 72 ነው። ሒሳቡን ለሚችል ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። የሰባቱ ቀን ትኬት ተከታታይ መሆን የለበትም፣ በአንድ ወር ውስጥ በፈለጉት ቀን መግባት ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ያነሱትን ማየት ከማንሳቱ እኩል ያስፈልጋል። መስኮቱ ላይ ፎቶ ያነሱና ትኬቱ ላይ ያትሙታል፣ ለጓደኛ ማዋስ የለም። ከእያንዳንዱ ትኬት 2 ዶላር ካንታ ቦፋ ለሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ይሄዳል። ይሄኛው ደስ አለኝ።

መጓጓዣ ቱክ ቱክ ነው። የኛን ባጃጅ የሚመስልም አለ፣ ብዙው ግን ሞተር ሳይክል የሚጎትተው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነው። በቀን 18 ዶላር ተስማማን፣ ሌሊት ለፀሐይ መውጫ ከሆነ 20። ሾፌሩ ብዙ አይናገርም። በሦስተኛው ቀን ነው በልጅነቱ መንኩሶ እንደነበር የነገረኝ። እዚያ አገር ወጣት ወንድ ለተወሰነ ጊዜ መንኩሶ ልብሱን መልሶ ወደ ዓለም ቢመለስ ማንም አይወቅሰውም፣ እንዲያውም ለወላጅ ውለታ መክፈያ ተደርጎ ይታያል። ያ ወሬ ሥራዬን ግማሽ አቀለለው። ከዚያ በኋላ ሾፌር ብቻ አልነበረም፣ አማካሪዬም ሆነ። ሒሳቡን ወደ 25 ከፍ አደረግኩለት።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ፀሐይ መውጫ

በሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይከፈታል። በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ሲል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ ጨለማ ውስጥ መቆም አለ። ሁሉም ሰው የሚሄደው አንድ ቦታ ነው። ከመግቢያው ሲገቡ በግራ በኩል ያለው ኩሬ፣ ማማዎቹ ውኃ ላይ ተገልብጠው የሚታዩበት። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ስደርስ የፊተኛው ረድፍ ሞልቷል። ትራይፖድ በትራይፖድ። ከኋላ ያለው ሰው ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ ፍላሹ አልጠፋም፣ ውኃውን እያበራ ነው። አንድ ሰውዬ ለሚስቱ ቦታ ይዞ «ተይዟል» እያለ ሲከላከል ነበር፣ ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ።

ብርሃኑን በተመለከተ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ቤተ መቅደሱ ፊቱ ወደ ምዕራብ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ የአካባቢው ቤተ መቅደሶች ወደ ምሥራቅ ናቸው፣ ይሄኛው ይለያል። ንጉሥ ሱርያቫርማን 2ኛ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲያሠራው ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ ነበር፣ የቡድሃ የሆነው ኋላ ነው። አቅጣጫውንም ከቪሽኑ ጋር የሚያገናኙት አሉ። ለፎቶ አንሺ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ጠዋት ከፊት ለፊት የሚታየው ጥላ ብቻ ነው። የድንጋዩ ቀለምና ቅርጽ በዚያ በኩል የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነው።

ውጤቱ? ጥላው ቆንጆ ነው፣ ግን ያው ሁሉም ሰው ያለው ፎቶ ነው። ለኔ የሚሆነው ወደ ኋላ ስዞር የታየው ነው። ያ ሁሉ ፊት፣ በስልክ ስክሪን በርቶ፣ አንድ አቅጣጫ የሚያይ። ያንን በ35 ደጋግሜ አነሳሁት። መነኩሴ ግን አንድም የለም። ሾፌሬ ሳቀብኝ። «ጠዋት ምጽዋት ይሰበስባሉ። ከዚያ ይበላሉ። ከቀትር በኋላ ምግብ ስለማይቀምሱ ጠዋቱን ለፎቶ አያባክኑትም።» መነኩሴ የሚፈልግ ሰው ፀሐይ መውጫን ትቶ ዘግየት ብሎ ይምጣ። በዚያ ላይ የ2 ዶላር ቅናሽ አለው።

ከዚያ በኋላ የቀኑ ፕሮግራም ተቀየረ። ጠዋት በምሥራቁ በር መግባት፣ እዚያ ሰው ያንሳል፣ ፀሐዩም ከጀርባ ነው። ቀትር ላይ ወደ ከተማ መመለስና ፋይል መገልበጥ። 9 ሰዓት ላይ ተመልሶ ምዕራቡ ደረጃ ላይ እስከ መዝጊያው፣ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ መቆየት።

ብርቱካኑ

የዚህ ሥራ ትልቁ የቴክኒክ ራስ ምታት የመነኮሳቱ ልብስ ነው። በመጀመሪያ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ካሜራው ስክሪን ላይ ደህና ነበሩ። ሂስቶግራሙም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ሰላም ነው፣ በቀኝ በኩል ቦታ ተርፎታል። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍታቸው ግን ልብሱ ላይ አንድ እጥፋት የለም። ጨርቅ መሆኑ ጠፍቷል። ብሩሽ በብርቱካን ቀለም ነክሮ የለቀለቀው ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው በነባሪ የሚያሳየው ሂስቶግራም ሦስቱን ቀለሞች ደምሮ የብርሃን መጠን የሚያሰላ ነው፣ በስሌቱ ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አረንጓዴው ነው። የመነኩሴ ልብስ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ቻናል ብቻውን ጣሪያ ይነካል፣ አረንጓዴው መሐል ላይ ይቀራል፣ ሰማያዊው የለም ማለት ይቻላል። ድምሩ ሰላም ይላል፣ ቀዩ ግን ተቃጥሏል፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ጠፍቷል። ነጭ የሀገር ልብስ ሲቃጠል ሦስቱም አብረው ስለሚቃጠሉ ካሜራው ብልጭ ድርግም እያለ ይነግራል። ብርቱካን ዝም ብሎ ነው የሚቃጠለው።

የሞከርኳቸው፦ መጀመሪያ ሂስቶግራሙን ወደ ሦስት ቀለም መቀየር። ይሄ ብቻውን ግማሹን ፈታው። ቀጥሎ የካሜራውን የቀለም ፕሮፋይል ወደ «ኒውትራል» ማውረድ፣ ምክንያቱም ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ብታነሱም ስክሪኑ ላይ ያለው ሂስቶግራም የሚሰላው ካሜራው አቀናብሮ ከሚያወጣው ጄፔግ ነው፣ ጄፔጉ ቀለም ካጋነነ ሂስቶግራሙም ያጋንናል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ላለ መነኩሴ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ መቀነስ፣ ቀትር ላይ እስከ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ። ድንጋዩ ይጨልማል፣ ይጨልም። ከራው ፋይል የጨለመውን ማፍካት ይቻላል፣ የተቃጠለ ቀይን መመለስ ግን አይቻልም።

ዋይት ባላንስም፣ ካሜራው ቀለሙን ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ የሚያደርግበት ማስተካከያ፣ ሌላ ጣጣ ነው። አውቶ ላይ ከተተወ፣ መነኩሴው ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ይሄ ሁሉ ሙቅ ቀለም በዛ» ብሎ ያቀዘቅዘዋል፣ ድንጋዩ ሰማያዊ ይሆናል። መነኩሴው ሁለት እርምጃ ሲርቅ ድንጋዩ መልሶ ቡናማ ይሆናል። ተከታታይ ፎቶ ለሚሠራ ሰው ይሄ እብደት ነው። 5200 ኬልቪን ላይ ቆልፌ ተገላገልኩ።

ፖላራይዘር ፊልተርም ሞከርኩ። የዛሬ ልብሶች ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ክር ስላለባቸው ቀትር ላይ ያብረቀርቃሉ፣ ፊልተሩ ብልጭታውን ይቀንሳል። ግን ብርሃንም ይበላል፣ ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ሲገቡ መፍታትና መግጠም ነው። ሁለት ቀን ታገልኩና ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ርቀት

መግቢያው አካባቢ የተለጠፈው የጎብኚዎች ደንብ ላይ ስለ መነኮሳት አንድ አንቀጽ አለ። መነኮሳት የተከበሩ ናቸው፣ ፎቶ ለማንሳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሴቶች መነኩሴን አይንኩ፣ በጣም ተጠግተውም አይቁሙ አይቀመጡ ይላል። እኔ ሴት ነኝ። 35 ሚሊሜትር ይዣለሁ። ደንቡና ሌንሱ ተጋጩ።

ሾፌሬ መንገዱን አሳየኝ። «ከትልቁ ጀምሪ።» ግቢው ውስጥ ዛሬም መነኮሳት የሚኖሩባቸው ገዳማት አሉ፣ ቱሪስቱ አጠገባቸው አልፎ ይሄዳል፣ ብዙው አያስተውላቸውም። እዚያ ይዞኝ ገባ። ጫማ አወለቅን፣ እግር ወደ ኋላ አጥፈን ተቀመጥን፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመን እጃችንን ወደ ግንባር ከፍ አድርገን ሰላም አልን። አበ ምኔቱ ሽማግሌ ናቸው። ላፕቶፑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ሳምንት ፎቶዎች አሳየኋቸው፣ ያን ሁሉ ወደ ኩሬው ያፈጠጠ ሕዝብ ሲያዩ ሳቅ አመለጣቸው። «መነኩሴ ብቻውን ነው ሁሉም የሚፈልገው፣ አንቺ ቱሪስቱን ለምን ጨመርሽ?» አሉ በሾፌሬ በኩል። «አብራችሁ ስለምትገኙ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ፈቀዱ። ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፦ ሲበሉ አይነሳም፣ ሕፃናቱ ደቀ መዛሙርት ለፎቶ ተብሎ ቁሙ ተቀመጡ አይባሉም።

ዕድለኛ ነኝ። በማግስቱ አንድ አስጎብኚ ቀረብ ብሎ ሌላ ዓይነት ሐሳብ አቅርቦልኛል። ለአንድ ሰዓት መነኩሴ ያመጣልኛል፣ በር ላይ ይቆምልኛል፣ ዕጣንም ይጨሳል፣ ጨረሩ ጥርት ብሎ እንዲታይ። ዋጋውንም ነገረኝ። ያ ኢንተርኔት ላይ የማየው ብቸኛ መነኩሴ ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። አመስግኜ አለፍኩ።

ሥራው መልክ መያዝ የጀመረው የመስቀል ቅርጽ ባለው ውስጠኛ መተላለፊያ ውስጥ ነው። እዚያ አንድ መነኩሴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሰው ይባርካል። ጎብኚው ፊቱ ይንበረከካል፣ መነኩሴው እየደገመ በሣር መጥረጊያ ቢጤ ውኃ ይረጫል፣ ከዚያ አንጓ ላይ ቀይ ክር ያስራል። የሚሰጥ ሰው ሳህን ላይ ጥቂት ብር ያስቀምጣል። ጨለማ ነው፣ አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 2፣ ሹተር 1/125። ፍላሽ አላወጣሁም። ሹተሩን ወደ ጸጥታ ሞድ አዞርኩት፣ አሁንም ድምፅ አለው ግን ድግሙን አይሰብርም።

አንዲት ወጣት ቱሪስት ተንበርክካ እጇን ዘረጋችለት። መነኩሴው ክሩን በሁለቱ ጫፍ ይዞ ከሥር ወደ ላይ አምጥቶ አሰረው። ጣቱ ቆዳዋን አልነካም። ክሩ ጠበቅ ሲል ብቻ እጇ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ሰባት ስምንት ጊዜ ነው ያነሳሁት፣ የሚሆነው ግን አንዱ ነው፣ ክሩ ገና ሳይጠብቅ፣ ጣቶቹና አንጓዋ መሐል ክፍተት ያለበት። 85 ላይ ነበርኩ፣ ፎከሱ ክሩ ላይ ነው፣ ሁለቱም ፊቶች ደብዝዘዋል።

ማታ ስመለከተው ሌሎቹም ጥሩ የምላቸው ፎቶዎች ላይ ያው ነገር እንዳለ አየሁ። ክፍተት። ቱሪስቷ ለሰልፊ ስትጠጋ መነኩሴው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይላል። ጠባብ ደረጃ ላይ ሁለት መነኮሳት ሲወርዱ የሚወጡት ሴቶች ግድግዳ ይታከካሉ፣ ወንዶቹ አይንቀሳቀሱም። አንዳንዱ ርቀቱን ያውቃል፣ አንዳንዱ አያውቅም፣ አንዳንዱ እያወቀ ይዘልቀዋል። ለካ የማነሳው ያንን ርቀት ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬም የማደርገው መሐሉን ባዶ ቦታ ይዤ ነው፣ ሰዎቹ ዳርና ዳር ይሁኑ።

ስለ ቱሪስቱም ልናገር። ፈቃድ ስለ መነኩሴ ብቻ አይደለም። አንዲት ሴትዮ መጥታ «አጥፊው» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ። እያየች አጠፋሁት። ትክክል ናት። ግን እኮ ከአንድ ደቂቃ በፊት ሳትጠይቅ ስልኳን አንድ ሕፃን መነኩሴ አፍንጫ ሥር ደቅና ነበር! እሱን አልነገርኳትም፣ ቋንቋውም ጉልበቱም አልነበረኝም።

ሌላ ቀን ደግሞ እኔው ተነሳሁ። ሁለት ወጣት መነኮሳት ስልክ ይዘው መጡ፣ አንደኛው በእንግሊዝኛ «ካንቺ ጋር ፎቶ?» አለ። ፀጉሬ ሹሩባ ነው፣ አካባቢው ላይ ጥቁር ሴት ብዙ አይታይም፣ ስለዚህ ለነሱ ቱሪስቷም መስህቧም እኔ ነኝ። ሾፌሬ አነሳን። በመሐላችን አንድ ሜትር ያህል ክፍት ነው፣ ሦስታችንም ቀጥ ብለን ቆመናል፣ የመታወቂያ ፎቶ መስሏል። በኢንስታክሷ ሁለት ኮፒ አተምኩ። እጅ በእጅ መስጠት አይቻልም፣ ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ አልኩ፣ አነሱት። ፎቶው ቀስ እያለ ሲወጣ ስልኩን የያዘው ልጅ ቪዲዮ ቀረጸው።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ሙቀት፣ ጨረቃ፣ ጦጣ

ወቅቱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው የሚባለው። ቀዝቀዝ ያለው ከሚያዝያ ጋር ሲነጻጸር ነው እንጂ ቀትር ላይ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ኤሲ ካለው ክፍል ካሜራ ይዞ በቀጥታ መውጣት አይሞከርም፣ ሌንሱ በጤዛ ይሸፈንና ለሃያ ደቂቃ ምንም አይታይም። መፍትሔው ሌሊት ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳውን በረንዳ ላይ ማሳደር ነበር፣ ቁልፍ አድርጌ። የኢንስታክስ ፊልም ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ሙቀት አይወድም። አንድ ፓኮ ቱክ ቱኩ መቀመጫ ሥር ውሎ ቀለሙ ሁሉ ወደ ቢጫ አዘነበለ። ከዚያ ወዲህ ከቀዝቃዛ የውኃ ላስቲክ ጋር በፎጣ ጠቅልዬ ነው የምይዘው።

ሙሉ ጨረቃ የቡዲስቶች ቅዱስ ቀን ነው፣ በወር አራት ጊዜ በጨረቃዋ ደረጃ የሚከበሩ ቀኖች አሉ። በነዚህ ቀኖች ባካን የሚሉት ከፍተኛው ፎቅ ለጎብኚ ዝግ ነው። በሌላው ቀን በአንድ ጊዜ 100 ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ቱሪስቱ በዝግ ቀን መጥቶ ይበሳጫል። ለኔ ግን የተሻለው ቀን እሱ ሆነ። የአገሬው ሰው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሎተስ አበባና ዕጣን ይዞ ይመጣል፣ መነኩሴውም ይበዛል። ከውጭ የመጡም አሉ፤ ጥቁር ቀይ የለበሱት የበርማ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላው ከታይላንድ ነው። ሁሉም ስልክ አላቸው። የማማውን ፎቶ እንደማንኛውም ሰው ያነሳሉ፣ ለቤተሰብ በቪዲዮ ይደውላሉ። ከነዚህ አንዱ አጎንብሶ የጓደኛውን ፎቶ ሲያነሳ፣ ከጀርባው አንድ አውሮፓዊ እሱን ሲያነሳ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያዝኩ። ከተከታታዩ የምወደው ይሄ ነው።

ባዮን ወደሚባለው ሌላ ቤተ መቅደስ የሄድኩት ለለውጥ ያህል ነው። በድንጋይ ማማ ላይ የተቀረጹ ትላልቅ ፊቶች ናቸው፣ ዓይናቸው የተከደነ፣ ፈገግ ያሉ። ያሠራው ጃያቫርማን 7ኛ ነው፣ ዙፋን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1181 ነው። ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ፣ የኛ ንጉሥ ላሊበላ ነገሠ የሚባለውም በዚሁ ዓመት ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ፣ አንዱ ድንጋይ እየከመረ፣ ሌላው ድንጋይ እየፈለፈለ በአንድ ዘመን ሲሠሩ ነበር ማለት ነው። ለፎቶው ምንም አይጠቅምም፣ ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

በፎቶ በኩል ባዮን አልሆነልኝም። ጠባብ ነው፣ ሰው ሁሉ ከድንጋዩ ፊት ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ መነሳት ይፈልጋል፣ ወረፋ አለው። ታ ፕሮም የሚባለው ቤተ መቅደስም፣ ዛፉ ሥሩን በጣሪያው ላይ የዘረጋበት፣ ያው ነው። ቦታው ራሱ በጣም ስለሚያምር ሰዎቹ ጌጥ ይሆናሉ። ወደ አንኮር ዋት ተመለስኩ።

ጦጣዎቹ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቄን ወስደዋል። የሙዝ ላስቲክ ከላይ አስሬ ነበር፣ ሙዙን ፈልገው ነው። ዕቃችሁ ውስጥ ምግብ አትያዙ፣ አለቀ።

ገና እዚያው ዋለብኝ። ዶሮ የለ፣ ድፎ የለ። ሾፌሬ ቤቱ ወስዶ ሩዝና አሳ አበላኝ።

መምረጥና ማተም፣ አዲስ አበባ

ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ውስጥ የመጀመሪያው ማጣሪያ ቀላል ነበር። መነኩሴ ብቻ ያለበት ይውጣ፣ ቱሪስት ብቻ ያለበት ይውጣ፣ የኩሬው ሕዝብ አንዱ ብቻ ይቅር። ሁለተኛው ማጣሪያ ላይ ቀስ አልኩ። ሰው የሚያሳፍር ፎቶ ብዙ ነው፣ አፉን የከፈተ ቱሪስት፣ አጭር ቁምጣ ለብሶ በዘበኛ የሚመለስ። ያስቃሉ። ግን ተከታታዩን በሙሉ ቀልድ ያደርጉታል፣ ደግሞ ባዶ እግሩን መሐላቸው የሚያልፈው መነኩሴ ወዲያው ቅዱስ ይሆናል። አወጣኋቸው። ስልክ የያዙት መነኮሳት በዙ።

ብርቱካኑ እዚህም ተከተለኝ። ስክሪን ላይ ያማረው ቀለም ማተሚያ ቤት ሲገባ ጡብ ሆነ። የመጀመሪያው ቤት የሚያትመው በሌዘር ማሽን ነው፣ አራት ቀለም፣ ብርቱካንን የሚሠራው ከማጀንታና ከቢጫ ደምሮ ነው፣ እንዲህ ያለ ደማቅ ብርቱካን ላይ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። ኦፕሬተሩ «ሳቹሬሽን ልጨምርልሽ» አለ። ጨመረ፣ ፊታቸውም አብሮ ቀላ። ፋይሉን በተለመደው ኤስ አርጂቢ ሳይሆን ብዙ ቀለም በሚይዘው አዶቤ አርጂቢ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ማሽኑ አያውቀውም፣ ይባስ ሞተ።

ሁለተኛው ቤት ትልቅ ኢንክጄት አለው፣ ከተለመዱት ቀለሞች ሌላ ራሱን የቻለ የብርቱካን ቀለም ካርትሪጅ ያለው። ዋጋው በካሬ ሜትር የመጀመሪያውን እጥፍ ነው። መጀመሪያ የወረቀቱን ፕሮፋይል ጠይቄ ቤቴ ሶፍት ፕሩፍ አደረግኩ (ሕትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ ማየት ነው)፣ የት የት እንደሚሞት አየሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጌ እጥፋቱን አወጣሁ። ከዚያ ትንሽ የሙከራ ቁራጭ አሳተምኩ፣ የክሩን ፎቶ። በኒዮን መብራት አይቼ ደስ አላለኝም፣ በረንዳ ላይ በቀን ብርሃን ስይዘው ግን ልብሱ ጨርቅ ሆነ። ወረቀቱም ለውጥ አለው፣ አንጸባራቂው ይሻላል ይሉኛል፣ እኔ ማት መረጥኩ፣ ጥቁሩ ትንሽ ቢያንስም መተላለፊያው ውስጥ ያለውን ጨለማ አያብረቀርቀውም።

ወጪ በጥቅሉ፦ ከአውሮፕላኑ ቀጥሎ ትልቁ ቱክ ቱኩ ነው፣ ከዚያ አልጋው (በሌሊት 14 ዶላር፣ ፋን ከሆነ ያንሳል)፣ ከዚያ ትኬቱ። ኢንስታክስ ፊልሙ ከጠበቅኩት በላይ በላ፣ ምክንያቱም አንድ መነኩሴ ሲወስድ አምስት ጓደኛ ይዞ ይመለሳል። አልቆጨኝም፣ ግን የሚሄድ ሰው ሁለት እጥፍ ይያዝ። ትራይፖዱን ከፀሐይ መውጫው በኋላ አልፈታሁትም፣ ቤት ቢቀር ይሻል ነበር።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ሕትመት ነው። A2 መጠን፣ ማት ወረቀት፣ ያለ መስታወት ፍሬም። ለአበ ምኔቱ ኮፒ በፖስታ ልላክ ብዬ ሾፌሬን ጠይቄዋለሁ፣ ፋይሉን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ሲየም ሪፕ አሳትሜ እወስድላቸዋለሁ ብሏል። ብርቱካኑ እዚያ እንዴት እንደሚወጣ ስለፈራሁ ከፋይሉ ጋር የወረቀት ምርጫና «ሳቹሬሽን አትጨምሩ» የሚል መልእክት አያይዣለሁ።